የሸጌ ግልባጭ

በእህቴ በወይዘሮ ሸጌ አረጋ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ዘጠኝ መስመር ነበር። ከዘጠኙ አራቱ ስሕተት ነው። የተወለደችው በ1961 እንጂ በ1963 ዓ.ም. አይደለም። የተወለደችበት ቦታም ገነተ ማርያም እንጂ ላሊበላ ከተማ አይደለም። ባሏ ደሳለ ይባላል፤ አንባቢው ደጋግሞ የጠራው ደሳለኝ የሚባል ሰው በቤተሰባችን ኖሮ አያውቅም። አንዳንድ ለቀስተኛ «ሁለት ባል ነበራት እንዴ?» እያለ ሲንሾካሾክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አራተኛው ስሕተት «የቤት እመቤት ነበረች» የሚለው ነው። ቤት ነበራት፤ እመቤትም ነበረች፤ ሥራዋ ግን የውጭ ንግድ ነበር። ያረፈችው ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. መሆኑን በትክክል አንብበዋል። እሱን ብቻ ቢሳሳቱ በወደድሁ።

መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የተሳሳተ ገጽ አይቶ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ የሥራዋን ታሪክ ከመነሻው እጽፋለሁ።

በ1979 ዓ.ም. በላሊበላ ለሴቶች የዘጠኝ ወር የስፌትና የጥልፍ ትምህርት ተሰጥቶ ነበር። ያስተማሩት እትዬ ዓለምእሸት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መቀነታቸውን እንደ ወታደር ቀበቶ የሚያጠብቁ ሴት። ተማሪ ሥራዋን ስታሳያቸው ፊቱን አያዩም። ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚመረምሩት። «ፊቱን ውሸታምም ያሳምረዋል» ይሉ ነበር።

የሸጌ ጥልፍ ፊቱ ግሩም ነው። ወፍ ከጠለፈች ወፏ ልትበር ትደርሳለች። ጀርባው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክር ሲያጥራት ትቀጥላለች፣ ሲረዝምባት ትቋጥራለች፤ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትሻገር ደግሞ እንደ ፍየል በአቋራጭ ትዘላለች። እትዬ ዓለምእሸት የመመረቂያ ሥራዋን ገልብጠው ወደ ብርሃን አስጠጉት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጀርባው ነው፣ እትዬ።»

«ዶሮ ጭራበት ነው?»

ከሃያ ሁለት ሠልጣኞች ሃያ አንዱ የምስክር ወረቀታቸውን ወሰዱ። የሸጌ ስም በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበትን ወረቀት ግን እትዬ ዓለምእሸት በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። «ጀርባው ሲስተካከል መጥተሽ ትወስጃለሽ» አሏት።

እህቴ ብዙ ነገር የምትረሳ ሰው ነበረች፤ ያችን ወረቀት ግን አንድ ቀን ረስታት አታውቅም። ደሳለ ሊያገባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ ምን እንደምትፈልግ ቢጠይቃት «ወረቀቴን አስመጣልኝ» አለችው። እሱ ቀሚስ ገዛላት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ከእትዬ ዓለምእሸት ጋር በቤተ ማርያም ደጃፍ መገናኘታቸው አይቀርም።

«እህ፣ ጀርባውስ?» ይላሉ እሳቸው።

«እየተሻለው ነው፣ እትዬ» ትላለች እሷ።

ይህን በየሳምንቱ የሚሰሙ ሰዎች ሸጌ የጀርባ ሕመምተኛ መሰለቻቸው። አንዱ ጸበል ጠቆማት። አንዷም ጎረቤት በቅቤ ልታሻት ቤቷ ድረስ መጣች። ሸጌ እውነቱን ከመናገር መታሸቱን መርጣ በሆዷ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ጥልፍ ለእሷ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆነ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለአራስ ጥየቃ የምትሰጠው ስጦታ ሁሉ ጥልፍ ነው፤ ጥልፍ ሁሉ ደግሞ ገበር አለው። ጀርባው እንዳይታይ ከሥር ሌላ ጨርቅ ሳትለብጥበት ከእጇ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ለእኔ የሠራችልኝ መሀረብ እንኳ ገበር ነበረው፤ አፍንጫ ለመጥረግ ሁለት እጅ ይጠይቃል።

ደሳለ አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛውን የተማረው ከሥራው ስለሆነ ስለ ዐለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ግን ተመልሶ እዚያው ዐለት ላይ ይወድቃል። በ2007 መስከረም ወር አንድን ቱሪስት ቤቱ ምሳ ጋብዞ በሸጌ ትራስ ላይ አስቀመጠው። ሰውዬው ከምሳው ይልቅ ትራሱን አደነቀና «ይህን በፌስቡክ ብትሸጡትስ?» አለ። ደሳለ በሦስተኛው ሳምንት «የሸጌ እጅ» የሚል ገጽ ከፈተ።

የመጀመሪያው ፎቶ የወጣው ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ገደል ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ዝንጀሮ የተጠለፈበት ትራስ ነበር፤ የደረቱ ቅላት ከሩቅ ያበራል። ደሳለ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ይህ ድንቅ ትራስ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ነው» ብሎ ጻፈበት። አንዲት የሆላንድ ሴት ወዲያው «በአውሮፕላን ለማምጣት ክብደቱ ስንት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

እሑድ ከሰዓት ደሳለ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። እኔም እዚያው ነበርሁ።

«ሸጌ! ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ሰው ወደደው! ልክ እንደ ኒቅያ ጉባኤ አባቶች!»

ሸጌ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ስንቱ ከዓይን ያውጣሽ አለ?»

ደሳለ በጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። «አንዷ ልብ ልካለች።»

«የምን ልብ?»

«ቀይ ልብ።»

«በስመ አብ! የበግ ነው የሰው?»

ማንም ከዓይን ያውጣሽ አላለም። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ሰው እፍ እፍ ሳይል፣ የፈጣሪን ስም ሳይጠራ ዝም ብሎ አይቶ አልፏል። በማግሥቱ የስፌት መኪናዋ መርፌ ተሰበረ። ማክሰኞ አውራ ጣቷን ወጋች። ረቡዕ ደሳለን ጥርሱን አመመው፤ ሐሙስ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ሞተች። ሸጌ በጣቷ እየቆጠረች ሁሉንም ከዚያ ፎቶ ጋር አገናኘቻቸው።

«ዛሬውኑ አውርደው!»

«ካላዩት እንዴት ይገዙታል፣ አንቺ ሴት?»

«ቆንጆ ልጅ ከቤት የሚወጣው ጥላሸት ተቀብቶ ነው። እናቴ እኔን ሸጌ ብላ፣ ውቢት ብላ ስም አውጥታልኝ ስታበቃ ግንባሬን ጥቀርሻ ሳትቀባኝ ገበያ ወስዳኝ አታውቅም። አንተ የኔን ጭላዳ ሦስት መቶ ሰው ፊት ራቁቱን አቆምከው!»

«ትራሱን ጥላሸት ልቀባው ታዲያ?»

 እህቴ ትራሱን አነሣች፣ በመቀስ ገበሩን ፈታች፣ ጨርቁን ገልብጣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ቋጠሮው፣ ቅጥልጥሉ፣ እንደ ጢም የተንጨባረረው ክር ሁሉ ወጣ።

«ይኼንን አንሣው። ይኼን አይቶ የሚቀና ሰው ካለ ዓይኑን ሳይሆን ራሱን ይታከም።»

«እትዬ ዓለምእሸት ቢያዩሽስ?» አልኋት።

«የሳቸው ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፤ ከማነጋገር ሌላ አያውቅም። ፈረንጅ ደግሞ ፊትና ጀርባ የት ያውቃል?»

በዚያ ሳምንት ዐሥራ አንድ ትእዛዝ መጣ። ያቺው የሆላንድ ሴት «በክሮቹ መጠላለፍ ውስጥ የሰው ልጅ የሕይወት ውጣ ውረድ ይታየኛል» ብላ ጻፈች። ደሳለ ሲተረጉምላት ሸጌ ጨርቁን አየችና «እዚህ ጋ ቀይ ክር አልቆብኝ ነው» አለች። አንድ ሌላ ሰው የጭላዳውን ግልባጭ ካርታ መስሎት የየት አገር እንደሆነ ጠየቀ። ደሳለ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ አገር መሆኑን ነገረው።

ሸጌ ትራሶቹን እንደ ደንቡ ፊታቸውን ወደ ውጭ፣ ጀርባቸውን በገበር ሸፍና በአዲስ አበባ በኩል ወደ አገራቸው በሚመለሱ ቱሪስቶች እጅ ላከች። በወሩ መልስ ጎረፈ። ሁሉም በትሕትና አንድ ነገር ይላሉ፤ ትራሱ በስሕተት ተገልብጦ ስለተሰፋ ፈትተው አስተካክለውታል።

ሸጌ መሥሪያ ቤቴ ድረስ እየሮጠች መጣች።

«ፈንቴ! የሚፈልጉት ግልባጩን ነው!»

«ለማን ለማን ይድረስ?» አልኋት። በእኛ ቢሮ ግልባጭ ማለት ለሚመለከታቸው ክፍሎች የሚላክ የደብዳቤ ቅጂ ነው፤ ብዕሬን አንሥቼ ነበር።

«ምን ለማን ለማን ትለኛለህ! ጀርባዬን ነው የሚፈልጉት እያልሁህ፣ ጀርባዬን!»

ለፊርማ የተሰለፉት ባለጉዳዮች ሁሉ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው አማተቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸጌ ገበሩን በፊቱ በኩል መስፋት ጀመረች። የሚበርረውን ወፍ፣ የሚያበራውን ጭላዳ ራሷ በእጇ ትሸፍነዋለች፤ የተንጨባረረውን ክር ለዓለም ታሳያለች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራች። ዓይንም አልነካትም፤ ዶሮዎቹም በሰላም ኖሩ። አንድ ስጋት ብቻ ነበረባት፤ ያም እትዬ ዓለምእሸት እንዳይሰሙ ነው። ከሰሙ ሣጥኑ ዳግመኛ አይከፈትም።

በ2008 ኅዳር ላይ ሙሉሃብት የሚባል የሆቴል ባለቤት መጣ። አዲስ የመመገቢያ አዳራሽ ሠርቷል፤ ለግድግዳው ዐሥራ ሁለት ትልልቅ ጥልፎች ይፈልጋል። «ልክ እንደ ፌስቡኩ» አለ፤ «እንግዶቼ ያንን ነው የሚወዱት።» ሸጌ በደስታ ሠርታ ጨረሰች። አዳራሹ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሉሃብት የተጋባዦቹን ዝርዝር ሲቆጥር «አክስቴም ይመጣሉ» አለ።

«አክስትህ ማን ናቸው?»

«እትዬ ዓለምእሸት ናቸዋ!»

ሸጌ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ጥልፎቹ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅለው አልቀዋል።

«ችግር የለም» አለ ደሳለ፤ «ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተን እናስቀምጣቸዋለን።»

«ግድግዳው አራት ነው! በያንዳንዱ ሦስት ሦስት ተሰቅሏል! በየት በኩል ነው ጀርባ የሚሰጡት?»

«መብራት ይጠፋ ይሆናል።»

«ቀን ነው ምረቃው!»

«እውነቱን ብትነግሪያቸውስ?» አልሁ እኔ።

«አንተ ደግሞ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት እየተሻለው ነው ስል ኖሬ በምን አፌ?»

እሑድ ታኅሣሥ 24 ቀን አዳራሹ ተመረቀ። ገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ የዚያ ዓመት ገና የዋለው በ28 ነው። የጾም ምግብ ቀርቧል። ሸጌ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ቆማ ነጠላዋን ታኝካለች። እትዬ ዓለምእሸት ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ደሳለ ወንበር ይዞ ቢሮጥም አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አድርገው በቀጥታ ጭላዳ ወደ ተጠለፈበት ጨርቅ ሄዱና ከፊቱ ቆሙ።

«ሸጌ!»

ሸጌ ነጠላዋን ከአፏ ለቀቀች።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ነይ ወዲህ። ያንቺ እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

 እትዬ ዓለምእሸት ምርኩዛቸውን ለደሳለ አስይዘው የጨርቁን የታች ጫፍ ያዙ፤ የልማዳቸውን አደረጉ። ገለበጡት። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የነበረው ገጽ ወጣ። ሙሉሃብት እርጥበት እንዳይዘው ብሎ የዐሥራ ሁለቱንም ገበር አስፈትቶ ስለነበር ጭላዳው ራቁቱን ነው፤ ጠጉሩ አንድ በአንድ፣ ደረቱ ቀይ፣ አንድ ቋጠሮ የሌለው። እትዬ ዓለምእሸት በጣታቸው ዳሰሱት። አፋቸው ተከፈተ።

«ጀርባው... ጀርባው ተስተካክሏል!»

ሸጌ ወደ ደሳለ ዞረች።

«እዩልኝ! አንድ የተንጠለጠለ ክር የለውም! እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ጀርባ ሠርቼ አላውቅም!» ጨርቁን ለቀቁትና የተንጨባረረውን ክር እያዩ ፊታቸውን ጨፈገጉ። «ፊቱ ግን ምን ነክቶት ነው? እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ጀርባ ጀርባ እያልሁ ሳስጨንቅሽ ፊቱን አስረሳሁሽ። ቢሆንም ቃሌ ቃል ነው። ጀርባው ሲስተካከል ነው ያልሁሽ፤ ስለ ፊቱ አላወራሁም። ነገ ወረቀትሽን ይዤ እመጣለሁ።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሙሉሃብት ብቻ አላጨበጨበም፤ አክስቱ የቀሩትን ዐሥራ አንዱንም ገልብጠው እንዳይሰቅሉበት ተከትሏቸው ይዞር ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዓለምእሸት ሸጌ ቤት መጡ፤ በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዘው። ፈትተው ዘረጉላት። የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሰማያዊ ቀለም ትንሽ ደብዝዟል እንጂ «ሸጌ አረጋ» የሚለው ይነበባል። ሸጌ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ዘረጋች፣ መለሰች። በእጇና በወረቀቷ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት የገለበጡት ጀርባው አይደለም። ፊቱ ነው።»

«ፊቱንማ አይቼዋለሁ። አስቀያሚ ነው።»

«እሱ ጀርባው ነው።»

«ጀርባው ቆንጆ ነው አልሁሽ እኮ!»

«እሱ ፊቱ ነው።»

ነገሩ ስላልተቋጨ አንድ የቆየ ጨርቅ አምጥቼ በአንደኛው በኩል «ፊት»፣ በሌላው «ጀርባ» ብዬ በእርሳስ ጻፍሁበትና አሳየኋቸው። እትዬ ዓለምእሸት ጨርቁን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጡ። ቀስ ብሎ ገባቸው። እንባ በዓይናቸው ሞላ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ መለየት አልቻልሁም።

«ሐቀኛ ሆነሽ አገኘሁሽ» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ወረቀት ግን የጥልፍ ናት። የሐቅ ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካለ ወንድምሽን ጠይቂ።» ጠቀለሏትና ብብታቸው ሥር ከተቷት።

በር ላይ ግን ቆሙ። «ፈረንጅ ይኼን ወድዶ? እንዲህማ ከሆነ ማንም ይሠራዋል። ጨርቅ ስጪኝ፤ እኔም አበላሽቼ ልላክና ይታይ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ሸጌ ቤት ተቀምጠው ሊያበላሹ ሞከሩ። እጃቸው እምቢ አለ። ክር አንጠልጥለው ሊተዉ ያስባሉ፤ ጣታቸው ሳያማክራቸው ወደ ውስጥ ይከትተዋል። ለመቋጠር ይጀምራሉ፤ ቋጠሮው ይጠፋል። «ዝም ብለው ይዝለሉት እንጂ፣ እትዬ!» ትላለች ሸጌ። «እየዘለልሁ ነው!» ይላሉ እሳቸው፤ የሠሩት ግን ተሰልፎ የቆመ ነው። ሲያልቅ ጨርቁ ፊቱም ጀርባውም አንድ ዓይነት ሆነ። እንደዚያው ሆኖ ለሆላንዷ ሴት ተላከ።

መልሱ የደረሰው በመጋቢት ነው። ደሳለ ጮክ ብሎ ተረጎመው። «ውድ ሸጌ፣ የአሁኑ ትራስሽ በማሽን የተሠራ ሆኖ ስላገኘሁት አዝኛለሁ። እኔ ያዘዝሁት የእጅ ሥራ ነው።»

«ማሽን?» አሉ እትዬ ዓለምእሸት። ምርኩዛቸውን ጠየቁ። «እኔ ማሽን? ንገራት! እኔ ማን እንደሆንሁ ንገራት!»

ደሳለ ጻፈ። ምን ብሎ እንደ ጻፈ ለማሰብ አያዳግትም፤ ሴትዮዋ «እርስዎ ከዐለት የተፈለፈሉ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ» ብላ መለሰች።

እትዬ ዓለምእሸት አንድ ሳምንት አኩርፈው ከቤት አልወጡም። በስምንተኛው ቀን ያችኑ ላስቲክ ይዘው ሸጌ ደጃፍ ደረሱ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«ውሰጂያት። ዓለም ሁሉ ፊትና ጀርባውን ካላወቀ እኔ ብቻዬን ዘብ ልቁም?»

እህቴ ወረቀቷን አነሣች። ስሟን አነበበች፣ ዓመተ ምሕረቱን አነበበች፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። ትወስዳታለች ብዬ ወንበሬን እንኳ ለቅቄ ተነሥቼ ነበር። እሷ ግን አጣጥፋ መልሳ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«አልችልም፣ እትዬ። ይቺን ከወሰድሁ በደንቡ መሥራት አለብኝ። በደንቡ ከሠራሁ ደግሞ ፈረንጆቹ ማሽን ይሉኛል።»

«እና የኔ ወረቀት ንግድሽን ያበላሽብሻል?»

«ያስተካክልብኛል። እሱ ነው ችግሩ።»

 እትዬ ዓለምእሸት መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ከቅርጫቱ አንድ ያልተጀመረ ጨርቅ መዘዙ።

«እንግዲያው መርፌ አቀብዪኝ። ፊቱን እኔ እሠራለሁ፤ ጀርባውን አንቺ አበላሺው።»

«እሺ፣ ግን ቀስ ብለው ይሥሩ፣ እትዬ» አለች ሸጌ ክሩን በምራቋ እያሾለች፤ «ማበላሸት ጊዜ ይፈልጋል።»